አዲሱ ላፕቶፕ ዋይፋይ እየቆራረጠ ሲያስቸግር፦ ጥፋቱ የት እንዳለ ለይቶ ማወቂያ



ከጭፍራ አንድ መምህር ወንድማችን ጥያቄ ልኮልን ነበር። አዲስ አበባ በሚኖር ዘመዱ በኩል ለሴት ልጁ አዲስ ላፕቶፕ አስገዝቷል። ልጅቱ ከዒሻ ሶላት በኋላ ከአንዲት ኡስታዛ ጋር በኢንተርኔት ተጅዊድ ትማራለች። ኢንተርኔቱን የምታገኘው ከአባቷ ስልክ በሆትስፖት ነው። ላፕቶፑ ዋይፋዩን ይይዛል፣ የሲግናል ምልክቱም ሙሉ ነው። ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ግን ድምፁ በመካከል ይጠፋል፣ ምስሉ ይደርቃል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ራሱ ይመለሳል። ወንድማችን “ያገለገለ ዕቃ አዲስ ነው ተብሎ ተሰጠኝ” ብሎ ከዘመዱ ጋር ተቃቅሯል። ላፕቶፑን በመኪና መልሶ ይላከው ወይስ እዚያው ለጠጋኝ ይስጠው? ጥያቄው ይህ ነበር።

የሱ ጉዳይ እንዴት እንደተፈታ መጨረሻ ላይ እንነግራችኋለን። ችግሩ ግን የብዙ ሰው ስለሆነ መልሱን ሰፋ አድርገን አዘጋጅተነዋል። ጭፍራ፣ ሚሌ፣ ሎግያ ወይም ሰመራ ተቀምጦ ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ ላፕቶፕ ያስመጣ ሰው ዕቃውን ልመልስ ቢል የመንገድ ወጪ አለው፣ የቀናት መጉላላት አለው፣ አንዳንዴም የሰው ቅያሜ አለው። ስለዚህ ከመመለስም፣ ለጠጋኝ ከመስጠትም፣ ሰው ከመውቀስም በፊት ጥፋቱ የት እንዳለ መለየት ይቀድማል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ምሽት፣ ሁለት ስልክ፣ አንድ የቻርጀር ኬብልና ትንሽ ሶብር ነው።

ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም

ብዙ ሰው “ዋይፋዩ ጠፋ” ሲል “ኢንተርኔቱ ቆመ” ማለቱ ነው። ሁለቱ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መልእክታችሁ ከላፕቶፑ ተነስቶ ኡስታዛዋ ዘንድ እስኪደርስ ቢያንስ ሦስት መንገድ ያልፋል።

የመጀመሪያው ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ ወይም ሆትስፖት እስከከፈተው ስልክ ያለው ነው። ዋይፋይ የሚባለው ይህ ብቻ ነው፤ ርዝመቱ የአንድ ቤት ወይም የአንድ ግቢ ያህል ነው። ሁለተኛው ከስልኩ ወይም ከራውተሩ እስከ ኔትወርክ ታወሩ ያለው ነው። ሦስተኛው ከታወሩ አንስቶ እስከ ዓለም ያለው ነው።

ላፕቶፑ ማያ ጥግ ላይ የሚታየው የዋይፋይ ምልክት የሚናገረው ስለ መጀመሪያው መንገድ ብቻ ነው። ስልኩ አጠገባችሁ ካለ ምልክቱ ሁልጊዜ ሙሉ ይሆናል፤ ስልኩ ራሱ ግን ከታወሩ ጋር ተለያይቶ ሊሆን ይችላል። “ምልክቱ ሙሉ ሆኖ እንዴት አይሠራም?” የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ነው። ምልክቱ አልዋሸም፤ እኛ ነን ከሚያውቀው በላይ የጠየቅነው።

አራቱ መለያ ሙከራዎች

እነዚህን በቅደም ተከተል ሥሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሦስት ነገር አብራችሁ ቀይራችሁ ችግሩ ቢጠፋ የትኛው እንዳጠፋው አታውቁም፤ ሲመለስም የምትይዙት አይኖራችሁም። ወረቀት ይዛችሁ የተቋረጠበትን ሰዓትና በዚያች ሰዓት ቤት ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ጻፉ።

1ኛ. ሲቋረጥ ሌላውን ዕቃ ተመልከቱ። ላፕቶፑ በቆመባት ቅጽበት ሆትስፖት የከፈተውን ስልክ አንሱና አንድ አዲስ ገጽ ክፈቱ። ራውተር የምትጠቀሙ ከሆነ በዚያው ዋይፋይ ላይ ባለ ሌላ ስልክ ክፈቱ። ስልኩም ካልከፈተ ችግሩ የላፕቶፑ አይደለም፤ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን መንገድ ጠርጥሩ። ስልኩ እየከፈተ ላፕቶፑ ብቻ ከቆመ ጥርጣሬው ወደ ላፕቶፑና ወደ ዋይፋዩ ይመጣል።

2ኛ. ዋይፋዩን ከመካከል አውጡት። ስልኩን በቻርጀር ኬብሉ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና ከስልኩ ሴቲንግ ውስጥ “ዩኤስቢ ቴዘሪንግ” የሚለውን አብሩ። የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉ። አሁን ኢንተርኔቱ የሚያልፈው በኬብል ነው። በኬብል ሳይቋረጥ ከሠራና በዋይፋይ ሲሆን ከተቋረጠ ችግሩ የመጀመሪያው መንገድ ላይ ነው። በኬብልም እንደዚያው ከተቋረጠ የላፕቶፑ ዋይፋይ ነፃ ነው። ኬብሉ ዳታ የሚያስተላልፍ መሆኑን አረጋግጡ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ለዚህ አይሆንም።

3ኛ. ላፕቶፑን ሌላ ዋይፋይ ላይ ሞክሩ። የጎረቤት ወይም የሥራ ቦታ ዋይፋይ በፈቃድ ተጠቅማችሁ፣ ወይም ከሌላ ስልክ ሆትስፖት ከፍታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሥሩበት። በሁሉም ቦታ የሚቋረጥ ላፕቶፕ ችግሩን ይዞት ይዞራል። አንድ ቦታ ብቻ የሚቋረጥ ከሆነ ችግሩ የቦታው ነው።

4ኛ. ፒንግ አድርጉ። ይህ ትንሽ ቴክኒክ ቢኖረውም ከሁሉም የበለጠ ግልጽ መልስ የሚሰጥ ነው። በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ “ኮማንድ ፕሮምፕት” የሚለውን ፈልጋችሁ ክፈቱ። ፒ፣ አይ፣ ኤን፣ ጂ የሚሉትን አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት በአንድ ላይ ጻፉ፤ ክፍት ቦታ ተዉና የራውተሩን አድራሻ አስከትሉ። አድራሻው በዋይፋዩ “ፕሮፐርቲስ” ገጽ ላይ “ጌትዌይ” በሚለው ፊት ለፊት ይገኛል፤ በብዙ ራውተሮች 192.168.1.1 ወይም 192.168.8.1፣ በአይፎን ሆትስፖት ደግሞ 172.20.10.1 ነው። ከአድራሻው በኋላ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝና ቲ የሚለውን ፊደል ብትጨምሩ እስክታስቆሙት ይቀጥላል። በሌላ መስኮት ደግሞ በተመሳሳይ መንገድ 8.8.8.8 የሚለውን ፒንግ አድርጉ፤ ይህ የጉግል አድራሻ ነው፣ ከአገር ውጭ ያለውን መንገድ ይፈትሻል። ሁለቱም በደህና ጊዜ መልስ መስጠታቸውን አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ከዚያ ሲቋረጥ ሁለቱንም እዩ። ጌትዌዩ እየመለሰ 8.8.8.8 ከቆመ ዋይፋዩ ደህና ነው፣ የቆመው መስመሩ ነው። ጌትዌዩ ራሱ መመለስ ካቆመ ደግሞ ዋይፋዩ ነው የተቋረጠው።

ስልካችሁ ራውተር ሲሆን

ራውተር በሌለበት ቤት ሆትስፖት ዋናው መንገድ ነው። ስልክ ግን ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ ዕቃ ስላልሆነ የራሱ ጠባይ አለው።

የስልክ ጥሪ። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። በ4ጂ ኢንተርኔት ላይ ያለ ስልክ ጥሪ ሲገባለት፣ በስልኩ ወይም በሲሙ ላይ የ4ጂ ድምፅ ጥሪ ካልሠራ፣ ለጥሪው ሲል ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል። 3ጂ ላይ ኢንተርኔቱ ይዳከማል፤ 2ጂ ላይ ጥሪው እስኪያልቅ ጭራሽ ይቆማል። ሆትስፖቱ ግን አልጠፋም፤ ላፕቶፑ ላይ ያለው ምልክትም ሙሉ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለኢንተርኔት የሚውለውን ሲም ሰው በማይደውልበት ስልክ ውስጥ ማድረግ ወይም በትምህርት ሰዓት ጥሪን ወደ ሌላ ስልክ ማዞር።

ራሱን የሚያጠፋ ሆትስፖት። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች የሚጠቀምበት ዕቃ ለጥቂት ደቂቃ ካላገኙ ሆትስፖቱን ያጠፋሉ። በሆትስፖት ሴቲንግ ውስጥ በራሱ እንዲጠፋ የሚያዘውን ምርጫ አንሱት። “ባትሪ ሴቨር” የሚባለውንም አጥፉና ስልኩን ቻርጅ ላይ አድርጉት።

ሁለት ዓይነት ሞገድ። ዋይፋይ በዋናነት በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራል። 5 ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ሲያገኝ ቶሎ ይደክማል። 2.4 ቀስ ይላል፣ ግን ይርቃል፣ ግድግዳም ያልፋል። ላፕቶፑ ከሌላ ክፍል ከሆነ ሆትስፖቱን ወደ 2.4 ቀይሩት። በአይፎን “ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ” የሚለውን ማብራት ይህንኑ ያደርጋል።

ቤቱና ሙቀቱ

ሞገድ ዕቃ ይመርጣል። ከሰሌንና ከእንጨት የሚሠራው የአፋሮች ዳቦይታ ዋይፋይን እምብዛም አይከለክልም። ቆርቆሮ ግን ይመልሰዋል። ስለዚህ በቆርቆሮ ግድግዳ የተከፈለ ቤት፣ የብረት በር፣ የውሃ ታንከርና ፍሪጅ በላፕቶፑና በራውተሩ መካከል ካሉ ጥፋቱን ላፕቶፑ ላይ አትጣሉ። ራውተሩን ወለል ላይ ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ከፍ ያለ ግልጽ ቦታ ላይ አስቀምጡት።

ስልክና በሲም የሚሠራ ራውተር ደግሞ ሁለት ወገን ማየት አለባቸው፦ ላፕቶፑንና ታወሩን። በቆርቆሮ ቤት መካከል የተቀመጠ ስልክ ታወሩን በደንብ አያገኝም። መስኮት አጠገብ፣ ግን ፀሐይ በማይነካው ቦታ አስቀምጡት።

ፀሐይ ያልነው በምክንያት ነው። የአይፎን አምራች ስልኩን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ውስጥ እንድንጠቀምበት ይመክራል፤ ብዙ ላፕቶፖችም ከዚህ ብዙ በማይርቅ ልክ የተሠሩ ናቸው። በአፋር ቆላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። የጋለ ስልክ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ቻርጅ ማድረግ ያቆማል፣ አንዳንዱም ሆትስፖቱን ይዘጋል። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት የሚቋረጥ፣ ማታና ንጋት ላይ ግን ደህና የሆነ ግንኙነት ካላችሁ ሙቀቱን አስቡ። ስልኩን ከሽፋኑ አውጡት፣ አየር በሚያገኝ ጠንካራ ነገር ላይ አድርጉት። ላፕቶፑንም ፍራሽና ትራስ ላይ አትጠቀሙበት፤ የአየር መውጫው ይታፈናል። ስልክ ለማቀዝቀዝ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ግን እርጥበት ስለሚያስገባ ይጎዳዋል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። የዩኤስቢ 3 ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ሲሠሩ በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ላይ ረብሻ ይፈጥራሉ። ፋይል በምትገለብጡበት ጊዜ ብቻ ዋይፋዩ ከተቋረጠ ፍላሹን ነቅላችሁ ሞክሩ።

ላፕቶፑ ውስጥ የሚስተካከሉ ነገሮች

ከላይ ያሉት ሙከራዎች ጣታቸውን ላፕቶፑ ላይ ከቀሰሩ እነዚህን በተራ ሥሩ። ሁሉም ያለ ጠጋኝ የሚሠሩ ናቸው።

አፕዴት። አዲስ ላፕቶፕ ኢንተርኔት እንዳገኘ በርካታ ጊጋባይት አፕዴት ከጀርባ ማውረድ ይጀምራል። ያን ጊዜ ቪዲዮ ይቆማል፣ ገጽ አይከፈትም፣ የገዛችሁት ዳታም በአንድ ምሽት ያልቃል። ሰው ይህን ብልሽት ይመስለዋል። በዋይፋዩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ “ሚተርድ ኮኔክሽን” የሚለውን አብሩ፤ ዊንዶውስ ትልልቁን ማውረድ ያዘገያል። ይሁን እንጂ አፕዴቱን ለዘለዓለም አትተዉት። ሰፊ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ስትሄዱ፣ ለምሳሌ ሰመራ ወይም ደሴ፣ ከፍታችሁ አውርዱት። አዲስ ብለው የሸጡላችሁ ላፕቶፕ ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ከሆነም ልብ በሉ፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል።

ቀንና ሰዓት። ይህ በእኛ አገር ተደጋጋሚ ነው። ላፕቶፑ የሚጠብቀው የፈረንጅ አቆጣጠርን ነው። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ላፕቶፑን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። ያን ጊዜ ድረ ገጾች “ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም” እያሉ አይከፈቱም፤ ሰውየው ግን ዋይፋዩን ይረግማል። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር፣ ጠዋት 2 ሰዓት ብላችሁ አትሙሉት፤ ለላፕቶፑ ያ 8 ሰዓት ነው። የጊዜ ክልሉን ናይሮቢ የሚለውን መርጣችሁ ሰዓቱን ራሱ እንዲሞላ ፍቀዱለት፤ ናይሮቢና አዲስ አበባ የሰዓት ልዩነት የላቸውም።

ኃይል ቆጣቢው። ላፕቶፑ ባትሪ ለመቆጠብ የዋይፋይ ካርዱን ያስተኛዋል። ከቻርጅ ሲነቀል ወይም ከእንቅልፍ ሲነሳ የሚቋረጥ ከሆነ ይህን ጠርጥሩ። “ዲቫይስ ማኔጀር” ክፈቱ፣ “ኔትወርክ አዳፕተርስ” ውስጥ የዋይፋይ ካርዱን ስም ሁለቴ ተጫኑ፣ “ፓወር ማኔጅመንት” ላይ ኮምፒውተሩ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ይህ ገጽ ላይታይ ይችላል፤ እነዚያ ላይ የኃይል አጠቃቀሙን ወደ “ቤስት ፐርፎርማንስ” ቀይሩ።

ድራይቨር። ድራይቨር ዊንዶውስ ከዋይፋይ ካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም ነው። አዲስ ላፕቶፕ ከፋብሪካ ወጥቶ ሱቅ እስኪደርስ ወራት ሊያልፉት ስለሚችሉ ድራይቨሩ ያረጀ ሊሆን ይችላል። ካርዱ የማን እንደሆነ በዲቫይስ ማኔጀር እዩ፦ ኢንቴል፣ ሪያልቴክ፣ ሚዲያቴክ ወይም ኳልኮም ሊል ይችላል። ከዚያ ከላፕቶፑ አምራች፣ ማለትም ከኤችፒ፣ ከዴል፣ ከሌኖቮ ወይም ከሌላው ኦፊሴላዊ ገጽ፣ በሞዴሉ ስም ፈልጋችሁ አውርዱ። ዋይፋዩ ጨርሶ እንቢ ካለ በዩኤስቢ ቴዘሪንግ አውርዱት። ችግሩ የጀመረው ከአፕዴት በኋላ ከሆነ ደግሞ እዚያው “ሮል ባክ ድራይቨር” ብላችሁ ወደ ቀድሞው መልሱት። “ሁሉንም ድራይቨር በነፃ አስተካክላለሁ” የሚሉ ፕሮግራሞችን አታውርዱ፤ ብዙዎቹ ቫይረስና ማስታወቂያ ይዘው ይመጣሉ።

ቪፒኤን። ነፃ ቪፒኤን የሚጠቀም ሰው ግንኙነቱ ሲቆም ጥፋቱ የቪፒኤኑ ሊሆን ይችላል። አጥፍታችሁ ሞክሩ።

ረስቶ እንደገና መያዝ። የዋይፋዩን ስም መርጣችሁ “ፎርጌት” በሉ፤ የይለፍ ቃሉን ሞልታችሁ እንደገና ተገናኙ። ይህ ካልጠቀመ በሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ ውስጥ “ኔትወርክ ሪሴት” አለ። የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድማችሁ ጻፏቸው።

ሃርድዌሩ ሲሆን

ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልተስተካከለ የዕቃ ጉድለት ሊሆን ይችላል። የተለመደው የአንቴና መላቀቅ ነው። በብዙ ላፕቶፖች የዋይፋይ አንቴና ያለው በማያው ዙሪያ ነው፤ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በማጠፊያው አልፈው ካርዱ ላይ ይሰካሉ። ሱቅ ውስጥ ራም ወይም ሃርድ ዲስክ ለመጨመር የተከፈተ ላፕቶፕ ላይ ሽቦው ሳይሰካ ሊቀር ይችላል።

ምልክቱ ግልጽ ነው። ላፕቶፑ ራውተሩ አጠገብ ሲሆን ይሠራል፤ ሦስት ወይም አራት እርምጃ ሲርቅ ይጠፋል፤ እዚያው ቦታ ላይ ያለ ስልክ ግን ሙሉ ሲግናል ያሳያል። ወይም ማያው ሲነካ፣ ሲከፈትና ሲዘጋ ይቋረጣል። ሌላው ምልክት ካርዱ ከዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ራሱ እየጠፋ መመለሱ ነው። እነዚህ ከታዩ ራሳችሁ አትክፈቱት። ጋራንቲው ሊፈርስ ይችላል፤ ጉድለቱ ከማን እጅ እንደመጣ መለየትም ያስቸግራል።

ወደ ሻጩ ስትመለሱ

በፊቅህ “ኺያሩል ዐይብ” የሚባል መብት አለ። ገዢ ከግዢው በፊት የነበረና እሱ ያላወቀው ጉድለት ዕቃው ላይ ካገኘ ዕቃውን የመመለስ መብት አለው። ሻጭም የሚያውቀውን ጉድለት የመናገር ግዴታ አለበት። የግድ የሚመጣው ጥያቄ ግን “ጉድለቱ በርግጥ ዕቃው ላይ ነበረ ወይ?” የሚለው ነው። ከላይ ያሉት ሙከራዎች የሚጠቅሙት ለዚህ ነው፤ የገዢን መብት ያስከብራሉ፣ ሻጭንም ካልሠራው ጥፋት ያድናሉ። ዝርዝር ብይኑን ዑለሞችን ጠይቁ።

በአገራችን ሕግም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ጊዜው በቀናት የሚቆጠር ስለሆነ ሙከራችሁን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥሩ፣ ደረሰኝና ካርቶን አትጣሉ።

ለሻጩ “አይሠራም” ብቻ አትበሉት። “በሦስት የተለያየ ዋይፋይ ሞከርኩ፤ በኬብል ይሠራል፣ በዋይፋይ ከራውተሩ አራት እርምጃ ሲርቅ ይጠፋል፤ ድራይቨሩን አድሻለሁ” በሉት። የተቋረጠበትን ቅጽበት በስልክ ቀርጻችሁ አሳዩት። እንዲህ ያለ ማስረጃ ሲቀርብ ክርክሩ ያጥራል።

ላፕቶፑን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ የቤተሰብ ፎቶና የግል ፋይል ወደ ፍላሽ ገልብጣችሁ ከላፕቶፑ አጥፉ፤ የቤተሰብ ሐቅና ሰትር አማና ነው። ሁለተኛ፣ በዊንዶውስ 11 አዳዲስ ላፕቶፖች ፋይሉ በ“ቢትሎከር” ተቆልፎ ሊሆን ይችላል፤ ከጥገና በኋላ የመክፈቻ ቁልፍ ቢጠይቅ ቁልፉ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ይገኛል። የአካውንቱን ኢሜይልና የይለፍ ቃል አትርሱ። ጠጋኙ ወዲያው “ፎርማት እናድርገው” ካለ ምን እንደመረመረ ጠይቁት፤ ያልተሰካ ሽቦ በፎርማት አይሰካም።

ጥፋቱ የመስመሩ ከሆነ

ሙከራው ላፕቶፑን ነፃ ካወጣውና ችግሩ የታወሩ ከሆነ በስልክ ቁጥራችሁ፣ በሰዓቱና በቦታው ዝርዝር ለአገልግሎት ሰጪው አመልክቱ። የኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች መስመር 994 ነው። የጻፋችሁት የሰዓት መዝገብ እዚህም ይጠቅማል። “ሁሌም ይጠፋል” ከሚል አቤቱታ “በዚህ ሳምንት ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት አራት ቀን ተቋርጧል” የሚለው ይሰማል።

እስኪስተካከል ድረስ በደካማ መስመር መማር ይቻላል። በቀጥታ ትምህርት ላይ ቪዲዮውን ዘግታችሁ ድምፅ ብቻ ተጠቀሙ፤ ለቂርአት ዋናው ድምፁ ነው። ኡስታዙ ትምህርቱን በቴሌግራም በድምፅ ቀድተው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ሰው ከመብዛቱ በፊት፣ ከፈጅር በኋላ ያለው ሰዓት ብዙ ጊዜ ይሻላል። ልጃችሁ ግንኙነቱ ስለተቋረጠ ብቻ “አላጠናችም” እንዳትባል ለአስተማሪዋ ሁኔታውን አስቀድማችሁ ንገሩ።

የመስጂድና የጎረቤት ዋይፋይ

ሙከራ ስትሠሩም ሆነ በሌላ ጊዜ የሌላ ሰው ዋይፋይ ያለ ፈቃዱ አትጠቀሙ። ዳታ በገንዘብ የተገዛ የሰው ንብረት ነው፤ የይለፍ ቃሉን ከሦስተኛ ሰው መስማት ፈቃድ አይሆንም። የመስጂድ ዋይፋይ ለመስጂዱ ሥራ የዋለ ከሆነም ኮሚቴውን ጠይቁ። የራሳችሁ ዋይፋይ ያለ ምክንያት ከደከመ ደግሞ ስንት ዕቃ እንደተገናኘበት ተመልከቱ። የማታውቁት ካለ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ።

የጭፍራው ወንድማችን ነገር

ወንድማችን ሙከራዎቹን በሁለት ምሽት ሠራ። በኬብል ሲሞክር እንደ ዋይፋዩ ተቋረጠ፤ ይህ የላፕቶፑን ዋይፋይ ነፃ አወጣው። የጻፈው መዝገብ ሲታይ ደግሞ የተቋረጠባቸው ደቂቃዎች ሁሉ ስልኩ ላይ ጥሪ የነበረባቸው ሆነው ተገኙ። ዘመድ አዝማድ የሚደውለው ከዒሻ በኋላ ነው፤ ልጅቱ የምትማረውም ያኔ ነው። የኢንተርኔቱን ሲም ቤት ውስጥ ወደነበረ አሮጌ ስማርት ስልክ አዛወሩት፣ ትምህርቱም አልሐምዱሊላህ ቀጠለ።

ለዘመዱም ደውሎ “አፉ በለኝ” እንዳለው ጽፎልናል። ላፕቶፑ አዲስ ነበር፣ ዘመዱም አላጭበረበረም። ዕቃ ሲበላሽ ይጠገናል ወይም ይመለሳል፤ ሳናጣራ የተናገርነው ቃል ግን በጋራንቲ አይመለስም። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፣ ልጆቻችንንም በዕውቀታቸው ይጥቀማቸው። አሚን።